ጥያቄዎቻችሁ፦ የጓሮ ትምባሆ ከዘር እስከ ደረቅ ቅጠል

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም በሞቃት አካባቢ በጓሮ ስለሚበቅል ትምባሆ ናቸው። ስናነባቸው አንድ ነገር ጎልቶ ታየን፤ ከችግሮቹ አብዛኞቹ የመጡት ከቸልተኝነት ሳይሆን እንክብካቤ ከመብዛቱ ነው። አፈሩ በዝቶ፣ ውሃው በዝቶ፣ ማዳበሪያው በዝቶ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን ከዘሩ እንጀምራለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የትምባሆ ዘር በሳጥን ዘርቼ እንደ ሌላው አትክልት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አለበስኩት። ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። ሦስት ሳምንት አለፈው፤ አንድም ብቅ አላለም። ዘሩ የሞተ ይሆን?

መልስ፦ ዘሩን ከመጠርጠርዎ በፊት ያለበሱትን አፈር ይጠርጥሩ። የትምባሆ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ10,000 በላይ ዘር ይገኛል። እንዲህ ያለ ዘር የያዘው ስንቅ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ሰንጥቆ ለመውጣት አይበቃውም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ዝርያዎች ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ። ስለዚህ የትምባሆ ዘር አይቀበርም፤ አፈሩ ላይ ይበተናል፣ በዚያው ይተዋል።

እንደገና ሲዘሩ አፈሩን በጥሩ ወንፊት ይንፉ፣ ሳጥኑን ሞልተው በሰሌዳ ቀለል አድርገው ያስተካክሉ። ውሃውን ከመዝራትዎ በፊት ያጠጡ፤ ከዘሩ በኋላ ከላይ የሚፈስ ውሃ ዘሩን ጠራርጎ ወደ ጥግ ይከምረዋል፣ አለዚያም ወደ ስንጥቅ ያስገባዋል። ለ20 ተክል 0.05 ግራም፣ ማለትም በሁለት ጣት ጫፍ የሚያዝ ቁንጣሪ፣ ከበቂ በላይ ነው፤ 500 ገደማ ዘር አለበት። ቁንጣሪዋን ከአንድ ማንኪያ ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ሲበትኑት እኩል ይዳረሳል፣ የት እንደወደቀም ይታያል። ከዚያ ውሃ እንደ ጉም በሚረጭ መርጫ ያርሱትና ሳጥኑን በሚያሳይ ላስቲክ ወይም መስታወት ይክደኑት። ጠርዙን ትንሽ ክፍት ይተዉለት።

ሳጥኑ ብሩህ ቦታ ይቀመጥ እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ አያግኘው። በሞቃት አካባቢ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በላስቲክ የተከደነ ሳጥን ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ በአጭር ጊዜ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፣ የበቀለውም ይቀቀላል። የሚስማማው ከ21 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህ ሙቀት ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ፤ በደንብ ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። እነሱ እንደታዩ ክዳኑን በሁለት ሦስት ቀን ቀስ በቀስ ያንሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ትዕግሥት ይፈትናል። በአራተኛው ሳምንት ቅጠሉ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ጤነኛ ነው። በዚህ ጊዜ «አላድግ አለ» ብሎ ማዳበሪያ መጨመር ለጋ ሥሩን ማቃጠል ነው።

ጥያቄ፦ ችግኞቼ በጥሩ ሁኔታ በቀሉ። ሁለት ሁለት ቅጠል ካወጡ በኋላ ግን ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እየቀጠነና እየጠቆረ ይወድቃሉ። በአንድ ጥግ የጀመረው አሁን ግማሹን ሳጥን ባዶ አድርጎታል።

መልስ፦ ይህ በእርጥብ አፈር የሚኖሩ እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ ተሕዋስያን ሥራ ነው። የወደቀውን የሚያስነሳ መድኃኒት የለም፤ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል። የወደቁበትን ቦታ ጤነኛ ከሚመስለው ዳር ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨምረው ከነአፈሩ ዝቀው ይጣሉ። የአፈሩ ገጽ ቀለሙ ፈካ እስኪል ውሃ አይስጡ። ክዳን ካለ ይነሳ፣ ነፋስ ይግባ። ከዚያ በኋላ የሚያጠጡት ከታች ይሁን፤ ሳጥኑን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ገጹ መራስ ሲጀምር ያውጡት። ችግኞቹም ተጨናንቀው ከሆነ በመካከላቸው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር ያሳሱ፤ ሲነቅሉ የጎረቤቱ ሥር እንዳይነቃነቅ በመቀስ መቁረጥ ይሻላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ከጓሮ የተዛቀ አፈርና በደንብ ያልበሰለ ብስባሽ ለመደብ አይጠቀሙ። ሌላ ከሌለዎት አፈሩን አርሰው መሃሉ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ያሙቁና ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። ገጹ ላይ አረንጓዴ አልጌ ከታየ ውሃ እየበዛ መሆኑን የሚነግርዎ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ወደ መሬት የማዛውረው? በምን ያህል ርቀት? ባለፈው የተከልኳቸው ቀትር ላይ ጠውልገው ውሃ ባጠጣቸውም ባሰባቸው።

መልስ፦ ከተዘሩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ፣ ቁመታቸው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ግንዳቸው የእርሳስ ውፍረት ሲይዝ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ያለማምዷቸው፤ ውሃ ይቀንሱ፣ ፀሐይንም በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመሩ ያሳዩአቸው። ሳይለማመድ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

በመስመር ውስጥ 50 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመርና መስመር መካከል አንድ ሜትር ይበቃል። ትልቅ ቅጠል ያላቸው ዝርያዎች 60 ሴንቲ ሜትር ቢያገኙ ይመርጣሉ። ከተቻለ ደመና ባለበት ቀን፣ ካልሆነም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይትከሉ።

ስለ መጠውለጉ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ተክል ጤነኛ ነው፤ ሰፊ ቅጠል በሙቀት እንዲህ ይሆናል። ማታም ጠዋትም ያልተነሳ ከሆነ ግን ጣትዎን አፈሩ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያስገቡ። ደረቅ ከሆነ ያጠጡ። ጭቃ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቷልና ውሃ መጨመር መግደል ነው። የትምባሆ ሥር ውሃ የተኛበት መሬት ላይ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ይሞታል፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ድንገት ዝልፍልፍ የሚለው ለዚህ ነው። መሬቱ ውሃ የሚይዝ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርተው በዚያ ላይ ይትከሉ።

በሞቃት አካባቢ ብርድ ስለማያሰጋ የመትከያውን ጊዜ የሚወስነው ዝናቡ ነው። ከዘር እስከ መጨረሻው ቅጠል አምስት ወር ገደማ ይወስዳል። ከዚህ ወደ ኋላ ቆጥረው የቅጠሉ ለቀማ ኃይለኛው ዝናብ ሲያቆም እንዲጀምር ያድርጉ።

ጥያቄ፦ መሬት የለኝም። በዕቃ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከሥሩ የተበሳ ዕቃ፣ በአንድ ዕቃ አንድ ተክል። በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የዶሮ ኩስ በብዛት አለኝ፤ ዩሪያም አለ። ባለፈው ሁለቱንም ሰጠሁት። ተክሉ ከእኔ በላይ ረዘመ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፣ ግን እስከ መጨረሻው ሳይበስል ቀረ። የደረቀውም ቢሆን እሳት አይዝም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ የጎደለው የለም፤ የበዛው ናይትሮጅን ነው። የትምባሆ ቅጠል እንዲበስል ወደ መጨረሻው አካባቢ ናይትሮጅን ሊያልቅበት ይገባል። እስከ ለቀማ ድረስ እየተመገበ የቆየ ተክል ቅጠል ማብቀል እንጂ ማብሰል አያስብም።

ልክ እንስጥዎ። ቀለል ያለ ቢጫ ቅጠል ለሚሰጡት እንደ ቨርጂኒያ ላሉ ዓይነቶች በካሬ ሜትር ከ6 እስከ 8 ግራም ናይትሮጅን ይበቃል፤ በርሊ የተባለው ዓይነት ግን ከ15 እስከ 20 ግራም ይፈልጋል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ በካሬ ሜትር 8 ግራም ናይትሮጅን ማለት 17 ግራም ዩሪያ ማለት ነው። በአንድ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ሲተከል በካሬ ሜትር ሁለት ተክል ስለሚኖር ለአንዱ የቨርጂኒያ ተክል 9 ግራም ገደማ ይደርሰዋል፣ ለበርሊ ደግሞ ከ16 እስከ 22 ግራም። ግማሹን ከተተከለ ከ10 ቀን በኋላ፣ ግማሹን በአራተኛው ሳምንት ይስጡ። ከግንዱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገው አፈር ያልብሱት። አናቱ ከተቀጠፈ በኋላ ምንም ናይትሮጅን አይሰጥም።

የዶሮ ኩስ ሁለት ችግር አለበት። ናይትሮጅኑን ቀስ እያለ ስለሚለቅ በማይፈለግበት ሰዓት ይደርሳል። በተጨማሪ ክሎራይድ፣ ማለትም ክሎሪን ያለበት ጨው፣ አለው፤ «እሳት አይዝም» ላሉት ዋናው ተጠርጣሪ ይኸው ነው። በደረቅ ቅጠል ውስጥ ክሎሪን ከ1 በመቶ ሲያልፍ አነዳዱ ይበላሻል፣ ወደ 2 በመቶ ሲጠጋ ቅጠሉ እየከሰለ ይጠፋል፣ እርጥበትም ይስባል። ስለዚህ ፖታሲየም ሲፈልጉ ፖታሲየም ክሎራይድን ትተው ፖታሲየም ሰልፌት ይምረጡ። የእንጨት አመድም ፖታሲየም አለው፤ ነገር ግን የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል። ትምባሆ የሚወደው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሥር የሚያጠቁር በሽታ ይመቸዋል። ስለዚህ አመድ በእፍኝ እንጂ በአካፋ አይሆንም።

አሸዋማ መሬት ላይ ከከባድ ዝናብ በኋላ የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ነጣ ካለ ግን የታጠበው ማግኒዥየም ነው። በ10 ሊትር ውሃ 100 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ሟሙቶ ቅጠሉ ላይ ቢረጭ ይረዳል፤ የነጣው ባይመለስም አዲሱ ደህና ይወጣል።

ጥያቄ፦ የአንዳንዶቹ ቅጠል በፈካና በጠቆረ አረንጓዴ ተዥጎርጉሯል፣ ተጨማድዷልም። ምን ልርጭ? አጠገቡ ያለው ቲማቲምም እንዲሁ ጀምሮታል።

መልስ፦ ምንም አይርጩ፤ ይንቀሉ። የገለጹት የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ይመስላል። ሳይንስ ስለ ቫይረስ ማወቅ የጀመረው በዚሁ በሽታ ነው፤ በ1892 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ተመራማሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጥልሎም ጭማቂው በሽታውን ማስተላለፉን አሳየ፣ በ1898 ደግሞ ሆላንዳዊው ተመራማሪ ቤየሪንክ ይህ ባክቴሪያ ያልሆነ ሌላ ነገር መሆኑን ተናገረ።

ቫይረሱን የሚያዛምተው በዋናነት እጅ ነው። የታመመውን ነክቶ ጤነኛውን መንካት፣ ሳይጸዳ የዞረ መቀስ፣ ልብስ። በደረቀ ቅጠል ውስጥም ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ሲጋራ ያጨሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ችግኝ ቢነካ ሊያስተላልፍ ይችላል። የታመሙትን ከነሥራቸው ነቅለው ያርቁ፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጨምሯቸው። ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ችግኝ በሚያዛውሩበት ቀን ደግሞ 200 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው በየጥቂት ደቂቃው እጅዎንና መቀሱን ይንከሩበት፤ የወተቱ ፕሮቲን ቫይረሱን እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን ከትምባሆ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ጎን ለጎንም፣ በተከታታይ ዓመትም በአንድ ቦታ አይትከሏቸው። ሥሩን ነቅለው ሲያዩ ጠጠር የመሰለ እብጠት ካገኙ ነማቶድ የተባለ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ገብቷል፤ ያንን መሬት ቢያንስ ለሦስት ዓመት ለሣር ይልቀቁት።

ጥያቄ፦ ቅጠሉን የሚበሳሳ አረንጓዴ ትል አስቸግሮኛል። ትምባሆ ራሱ መርዝ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ለብዙ ነፍሳት መርዝ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ለምደውታል። ጠዋት በማለዳ ጫፉ ላይ ያሉትን ያልተዘረጉ ቅጠሎች ገለጥ ገለጥ አድርገው ይዩ፤ ትሉ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጥቁር እንክብል የመሰለ ኩስ ካዩ ትሉ ከበላዩ አለ። ተክሉ ከ30 የማይበልጥ ከሆነ በእጅ መልቀም ከማንኛውም መርጨት ይሻላል። ብዙ ከሆነ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን ባክቴሪያ የያዘ ምርት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይርጩ፤ የሚሠራው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ከሥሩ ተቆርጦ የሚያድር ችግኝ ካለ ያ ሌላ ነው፤ ቆራጭ ትል ነው። በችግኙ ዙሪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር የገባ የወረቀት ቀለበት ያቆመዋል።

ጥያቄ፦ አበባውን ልተወው ወይስ ልቁረጠው?

መልስ፦ ቅጠል ከፈለጉ ይቁረጡ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አበቦች ሲፈኩ አናቱን ከ16 እስከ 20 ቅጠል አስቀርተው ይቅጠፉ። ከዚያ በየቅጠሉ ብብት ቡቃያ ይወጣል፤ ከአንዱ ቦታ ሲነቀል ሁለተኛም ሦስተኛም ይተካል። በየሳምንቱ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ በጣት ይንቀሉ። አናቱን የቀጠፈና ቡቃያውን የተወ ሰው ምንም አልሠራም። ቀኑ ፀሐያማ ይሁን፤ በዝናብ ቀን የተቆረጠ ግንድ ከላይ እየበሰበሰ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቅጠሉን ለቅሜ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በሦስት ቀን ደረቀ፣ ግን እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ጓደኛዬ በበኩሉ ጥላ ውስጥ ሰቅሎት ሻገተበት። መሃሉ የት ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ያጣችሁት ፍጥነቱን ነው። የተለቀመ ቅጠል ለተወሰኑ ቀናት ሕያው ነው፤ አረንጓዴው ቀለም የሚፈርሰውና ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው በዚያ ጊዜ ነው። ቢጫ ከመሆኑ በፊት ከደረቀ ሴሎቹ ስለሚሞቱ አረንጓዴው ይቆለፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያደርጉት አይለቅም።

በመጀመሪያ የበሰለ ቅጠል ይልቀሙ። ለቀማው ከታች ጀምሮ በሳምንት ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቅጠል ነው። የበሰለ ቅጠል ጫፉና ዳርቻው ቢጫ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ፈካ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። በሁለት ጣት መካከል አጥፈው ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ያልበሰለው ግን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል።

ከዚያ በጅማቱ በኩል በሲባጎ ሰክተው ሁለት ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ፣ በጥንዶቹ መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ትተው፣ ፀሐይ በማያገኘው ግን አየር በሚንቀሳቀስበት ቦታ ይስቀሉ። የሚፈለገው የአየር እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ18 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ እዚህ ያገለግላል። ከ60 በታች ሲወርድ ቅጠሎቹን ያቀራርቡ፣ ወለሉን ያርሱ፣ እርጥብ ጨርቅ በዙሪያው ይስቀሉ። ከ80 በላይ ሲቆይ ያራርቁ፣ ማራገቢያ ይክፈቱ።

ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙ ጅማት ይደርቃል። ጠቅላላው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። መጨረሱን የሚነግረው ቅጠሉ ሳይሆን ጅማቱ ነው፤ ሲታጠፍ ካልተሰበረ ገና ነው፣ እንዲህ እያለ የታሸገም ከውስጥ ይሻግታል። የደረቀውን ወዲያው አይንኩት፣ ይፈረፈራል፤ እርጥበት ባለው ሌሊት ለዘብ ካለ በኋላ ጠዋት ያውርዱት። ከ10 ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚቀረው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ነው።

ጥያቄ፦ ጤዛ ሳይደርቅ ቅጠል ስለቅም ውዬ ማታ አቅለሸለሸኝ፣ አስመለሰኝ፣ ራሴን አዞረኝ። የበላሁት ነገር ይሆን?

መልስ፦ ኒኮቲኑ ሳይሆን አይቀርም። ኒኮቲን በውሃ ይሟሟል፤ በጤዛ በረጠበ ቅጠል ላይ የዋለ ክንድ በቆዳው በኩል ይመጠዋል። የትምባሆ ለቃሚዎች የታወቀ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይሻላል፤ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም የልብ ምት ከተዛባ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከእንግዲህ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይልቀሙ፤ ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ የረጠበ ልብስ ወዲያው ይቀይሩ፣ በሳሙና ይታጠቡ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ለቀማ ላይ አይሰማሩ። ከብትና ፍየልም ወደ ተክሉ እንዳይጠጉ ይታጠር።

ጥያቄ፦ ኬሚካል ያልነካው የቤት ትምባሆ ለጤና ይሻላል ይባላል። ፈቃድስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አይሻልም። ካንሰር የሚያመጡት ነገሮች በብዛት የሚፈጠሩት ቅጠሉ ሲቃጠልና ሲደርቅ እንጂ ከተረጨበት ነገር አይደለም፤ በጭሱ ውስጥ ከ70 በላይ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይታወቃሉ። ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል በእርጥብ ቦታ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ይጨምራሉ። ፈቃዱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ አንዳንዱ ለግል መጠን ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል፣ መሸጥ ደግሞ በብዙ ቦታ የቀረጥ ጉዳይ ነው። ከመዝራትዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የራሴን ዘር ለማስቀረት ስንት ተክል ልተው?

መልስ፦ አንድ ይበቃል። አንድ ተክል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ትምባሆ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሆኖም ነፍሳት ከሌላ ዝርያ ሊያመጡበት ስለሚችሉ፣ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት አናቱን በስስ የጨርቅ ከረጢት ያልብሱትና አፉን ይሰሩት። የተከፈተ አበባ ካለ አስቀድመው ያስወግዱት። የዘር ቋቶቹ ቡናማ ሆነው ሲነቀነቁ ሲንሿሿ አናቱን ከነከረጢቱ ቆርጠው ለሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይስቀሉ። ከዚያ ወረቀት ላይ አሽተው በጥሩ ወንፊት ይንፉት። በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባ ጠርሙስ በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ከአምስት ዓመት በላይ ይበቅላል። ጠርሙሱ ላይ የዝርያውን ስምና ዓመቱን ይጻፉ፤ የትምባሆ ዘር ዝርያው በዓይን አይለይም።